የእማዬ መርፌ የት ይጣል?

ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ የጽዳትና የጤና ኃላፊዎች፣ ለመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እቤታቸው መርፌ ለሚወጉ ቤተሰቦች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ርዝመቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ከልብስ መስፊያ መርፌ ትቀጥናለች። ብርቱካናማ ክዳን አላት። እናቴን በሕይወት ያቆየችልኝ እሷ ናት። አንዲት የሰው እናት ደግሞ በእሷው ሰበብ አንድ ሙሉ ቀን ስታለቅስ ውላለች።

እማዬ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረች 11 ዓመቷ ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከእራት በፊት ትወጋለች። የጀመረች ቀን ነርሷ ቁጭ አድርጋ ሁሉንም አስተማረቻት፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳይገባ። ደመና የመሰለውን በሁለት መዳፍ መሃል እያንከባለሉ ማዋሃድ እንጂ መናጥ አያስፈልግም። ሆድ ላይ፣ ጭን ላይ፣ ቦታ እየቀያየሩ መውጋት። ስኳሩ ወርዶ ላብ ላብ ካላት ቶሎ ጣፋጭ ነገር መቅመስ። ሁሉም ተነገረን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «ከተወጋሽ በኋላ መርፌውን እዚህ አድርጊው» ያላት ሰው አልነበረም።

ነርሷን መውቀሴ አይደለም። እኛም አልጠየቅንም። መርፌው ሥራውን ከጨረሰ ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻ ደግሞ ፌስታል ውስጥ ይገባል ብለን ነው የኖርነው።

በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ ቢጠቀም በዓመት 730 መርፌ ይጥላል። እማዬ ግን እንደ ብዙዎቹ አንዱን ሦስት አራት ቀን ትጠቀምበታለች። ዋጋው እየታወቀ ሌላ ምን ታድርግ? እንደዚያም ሆኖ በዓመት ከ90 በላይ መርፌ ከቤታችን ይወጣል። በ11 ዓመት ስንት እንደሚሆን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አስልቼ ዝም አልኩ። ከ1000 በላይ ነው። ከአንድ ቤት፣ ከአንዲት ሴት ብቻ። ያ ሁሉ መርፌ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ውስጥ ተደባልቆ፣ በሰው ጀርባ ላይ ተጭኖ ሄዷል።

አሁን ስለዚያች ቅዳሜ ልንገራችሁ።

የሰፈራችንን ቆሻሻ የሚሰበስቡት በማህበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው። እኛ በር ላይ የምትመጣው አንዲት ወጣት ሴት ናት። «ቆሻሻ አውጡ!» ስትል ድምጿን ሰፈሩ ሁሉ ይለየዋል። እማዬ «ልጄ» ትላታለች፣ እሷም «እማማ» ትላታለች። ቡና ከተፈላ አንድ ሲኒ ሳትጠጣ አትሄድም። የምትሸከመው ማዳበሪያ ነው። ሲሞላ በእጇ ትጠቀጥቀዋለች፣ ሌላ እንዲይዝላት። ማዳበሪያው ምን ያህል ታምቆ እንደሚሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ።

የዚያን ቀን የእኛን ፌስታል ጨመረችና ሁለት ጊዜ ተጫነችው። በሦስተኛው «ውይ!» ብላ እጇን ሳበች። ያደረገችው ጓንት የጨርቅ ነበር፣ ግንበኞች የሚያደርጉት ዓይነት። ስታወልቀው መሃል ጣቷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም አየሁ። በቃ፣ ያቺ ብቻ። ክዳኑ የወለቀ የእማዬ መርፌ ፌስታሉን፣ ማዳበሪያውንና ጓንቱን አልፎ ጣቷ ገብቷል።

ቤቱ ተተራመሰ። እማዬ «አረቄ አምጡ!» እያለች ትጮሃለች። አንዱ ጎረቤት «ምጠጪና ትፊው» ይላል። ሌላዋ ጣቷን ይዛ ትጨምቃለች። ሁሉም ደግነት ነው፣ ሁሉም ግን ስህተት ነበር። ይህን ያወቅነው ጤና ጣቢያ ከደረስን በኋላ ነው። ሲስተሯ ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። ቧንቧ ከፍታ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ በደንብ አጠበችው። አልጨመቀችውም፣ አልፈተገችውም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «መርፌው የማን ነው?»

እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተከትላን መጥታ ነበር። «የኔ ነው ልጄ» አለች። ጣቷ ተወግቶ ደም ተሰጠ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ወጣ። ኤችአይቪ የለባትም። የጉበት ቫይረስም የለባትም። ተመስገን።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ግን እስካሁን ያልወጣሁለት ነገር አለ። ልጅቷ የ8 ወር ሕፃን አላት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ላጥባው ወይስ አላጥባው?» ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ውጤቱ ተነግሯትም ማልቀሷን አላቆመችም። ማታ ለባሏ ምን ብላ እንደምትነግረው ነበር የምታስበው።

እኛ ጋ ዕድል ነበር። መርፌው የማን እንደሆነ ታወቀ፣ ባለቤቷም ቆማ ተመረመረች። ማዳበሪያው ገንዳ ገብቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ተራግፎ ቢሆን ኖሮስ? «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ማን ይመልሳል?

ሁላችንም በመርፌ ተወጋሁ ሲባል የምንፈራው ኤችአይቪን ነው። ሲስተሯ ያስረዳችን ነገር ግን ሐሳቤን ቀየረው። ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ የተወጋ ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። በፍጥነት ከደረሰ፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒትም አለ። የባሰው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ» እየተባለ ሌላ ሌላ ሕክምና የሚፈለግለት የጉበት በሽታ አንዱ መንስኤ እሱ ነው። ክትባት ያልወሰደ ሰው በዚህ ቫይረስ በተበከለ መርፌ ሲወጋ ከ100 ከ6 እስከ 30 የመያዝ ዕድል አለው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ማክሰኞ የተጣለ መርፌ ቅዳሜም ያው ነው ማለት ነው።

ይህን በሽታ ደግሞ የሚከላከል ክትባት አለ። ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፣ በ6 ወር ያልቃል። በአገራችን ሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተቀናጅቶ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ማለትም ዛሬ ማዳበሪያ የሚሸከመው አብዛኛው ሰው፣ በልጅነቱ አላገኘውም። ልጅቷም አልተከተበችም ነበር። የመጀመሪያውን ክትባት ያን ቀን ወሰደች። ቆሻሻ መሸከም ከጀመረች 4 ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ከተወጋች በኋላ። ይህ ቅደም ተከተል አንገቴን አስደፍቶኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌውን በትክክል ለመጣል ያልሞከርኩት ነገር የለም። የሞከርኩትን የምነግራችሁ ሌላውም ቤት ይህንኑ እየሞከረ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ልጣለው አልኩ። ጉድጓዱ ሲሞላ ግን መምጠጫው መኪና ይመጣል፣ ቱቦውን የሚይዘውና ሲዘጋ በእጁ የሚያጸዳው ደግሞ ሰው ነው። አደጋውን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ሆነብኝ። ቀጥሎ ላቃጥለው አልኩ። ጓሮ ውስጥ በቆሻሻ እሳት ፕላስቲኩ ቀልጦ ጢሱ ጎረቤቱን አሳለው። አመዱን ስበትነው ብረቱ እንዳለ አለ፣ ጫፉም እንደሾለ ነው። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ መጣልም ይመክራሉ አንዳንዶች። በረኪና ግን መርፌን አያደንዝም።

ከዚያ ሃይላንድ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። መርፌውን በውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ይጥላል። እኔም ለሁለት ወር እንደዚያ አደረግሁ፣ ሕሊናዬም ትንሽ ዕረፍት አገኘ። አንድ ቀን ገንዳው አጠገብ ሳልፍ አንድ ልጅ ሃይላንዶቹን እየለቀመ አየሁ። እያንዳንዱን ይከፍታል፣ ውስጡ ያለውን ያራግፋል፣ ረግጦ ያጣብቀዋል፣ ማዳበሪያው ውስጥ ይከታል። ቆሜ ቀረሁ። የእኛ ሃይላንድ ደርሶት እንደሆነ አላውቅም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ ከተማ የሚጣል ነገር የለም። ሃይላንዱን ለቃሚ ይፈልገዋል። ጣሳውን «ቁራሌው!» የሚለው ልጅ ይገዛዋል። ጀሪካኑ ታጥቦ ላምባ ይቀዳበታል። ጠርሙሱ ዘይት ይሸጥበታል። ከቤት የወጣ ዕቃ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይመዘናል። ይህ የብዙ ሰው እንጀራ ነው፣ ከተማዋንም ከቆሻሻ ያቀለለው ይኸው ነው። መርፌን ግን እንደ ሌላው መጣል የማንችለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ አገር «ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አድርገህ አሽገህ ከቆሻሻው ጋር ጣለው» ይባላል። እዚያ መኪናው አንስቶ ይወስደዋል፣ ማንም አይከፍተውም። እዚህ ይከፈታል።

ረጲ ያለውን ቆሼንም እናስታውስ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲከመርበት ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ ከቆሻሻው ለቅመው የሚያድሩ፣ ሥሩም ቤት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አጠገቡ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ጥሩ ነው። ግን ቆሻሻው ምድጃው አፍ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበትን እጅ ቁጠሩት። ከእኛ በር ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያ ጋሪ፣ ከጋሪ ገንዳ፣ ከገንዳ መኪና። በየመሃሉ ደግሞ ለቃሚው አለ። መርፌው ሰው የሚወጋው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

አሁን እኛ ቤት የምናደርገውን ልንገራችሁ። ሌላ መንገድ እስኪገኝ የሚረዳው ካለ ይውሰደው። የበረኪና ባዶ ጀሪካን አለ፣ ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ መርፌ አይበሳውም። እማዬ ተወግታ ስትጨርስ መርፌውን ሳታጎብጥ፣ ሳትሰብር፣ በቀጥታ እዚያ ትከተዋለች። ሦስት አራተኛው ሲሞላ እናቆማለን፣ ምክንያቱም እስከ አፉ የሞላ ዕቃ ውስጥ መርፌ ስትገፋ የምትወጋው አንተ ራስህ ነህ። ክዳኑን ጠብቀን በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን እንጠቀልላለን። ከዚያ በቀይ ማርከር «መርፌ ነው፣ አይከፈት» ብለን ከላይም ከጎንም እንጽፋለን። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ የመርፌ ሥዕል እንስልበታለን። ሕፃናት የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ጀሪካን ሲሞላ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያቺው ሲስተር ነበረች፣ ተቀበለችኝ። ቢጫውን ካርቶን አሳየችኝ። ልጆቻችሁን ያስከተባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ሴፍቲ ቦክስ የሚሉት ነው። 5 ሊትር ይይዛል፣ ወደ 100 የሚጠጋ ሲሪንጅ ይገባበታል። ሲሞላ ተዘግቶ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል። አየር ላይ ሆኜ ነው የተመለስኩት። ለካ መንገዱ አለ!

ሁለተኛውን ጀሪካን ይዤ ስሄድ ሲስተሯ ተቀይራለች። ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ። «ከውጭ ቆሻሻ አንቀበልም» አለ። ውስጥ ገብቼ ኃላፊ አነጋገርኩ። በትሕትና ነው ያናገሩኝ፣ እውነት ለመናገር የሰጡኝም ምክንያት ባዶ አልነበረም። ማቃጠያቸው ትንሽ ናት። ካርቶኑ የሚሰጣቸው በቁጥር ነው። የእኔን ከተቀበሉ የሰፈሩን ሁሉ ሊቀበሉ ነው። መመሪያም የላቸውም። ጀሪካኑን ይዤ በታክሲ ተመለስኩ። ጭኔ ላይ አድርጌው፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጽሑፉን አንብበው ወደ መስኮቱ ሲሸሹ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ደብዳቤዬ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከጤና ተቋም ውስጥ ያለው መንገድ ተሠርቷል። ነርስ መርፌ ወግታ ዘወር ስትል ቢጫው ካርቶን አጠገቧ አለ። ከቤታችን እስከዚያ ካርቶን ያለው መንገድ ግን የለም። የጎደለው ያ ብቻ ነው። ያንኑ መርፌ፣ ያንኑ ደም፣ ሆስፒታል ውስጥ «አደገኛ» የምንለውን፣ እማዬ ሳሎን ውስጥ ሲሆን ዝም ብለን ፌስታል ውስጥ እንከታለን።

የምጠይቀው ቀላል ነው። መርፌው የወጣበት በር ይመለስበት። መርፌ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት፣ ለታካሚ የሚያድል ጤና ጣቢያ፣ የተጠቀምንበትን መልሶ የሚቀበልበት አንድ ቢጫ ሣጥን ይኑረው። አዲሱን ልንገዛ ስንሄድ አሮጌውን ይዘን እንሄዳለን። ሌላ ጉዞ አያስፈልገንም፣ ያው የለመድነው መንገድ ነው። ለተቀባዩም መመሪያ ይጻፍለት፣ ሲስተር ሲቀየር ሕጉ አብሮ እንዳይቀየር። የሞላው ሣጥን በማን መኪና፣ በየስንት ጊዜ፣ ወደ የትኛው ማቃጠያ እንደሚሄድ ይወሰን። የሚያስፈልገው ሁለት ክፍል ያለው፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ማቃጠያ እንጂ ጓሮ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ አይደለም።

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ ወጪውን ብቻችሁን ተሸከሙት እያልኩ አይደለም። ታላቅ እህቴ ካሊፎርኒያ ትኖራለች፣ እሷም እንደ እማዬ ስኳር አለባት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2008 ጀምሮ መርፌ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል በሕግ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የመድኃኒትና የመርፌ አምራቾች መሰብሰቢያውን በራሳቸው ወጪ እንዲያቋቁሙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የእነሱን እንዳለ እንቅዳ አልልም፣ ገንዘባችንም ኑሯችንም ይለያያል። ሐሳቡ ግን ይገባል። መርፌ የሚያስገባው አስመጪ ከመርፌው ዋጋ ላይ ለማስወገጃው ትንሽ ነገር ቢያዋጣ፣ ካርቶኑ ከሰማይ መውረድ የለበትም።

መኪናና ማቃጠያ እስኪዘጋጅ ዓመት ይፈጃል ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ዓመት የማይፈጅ ነገር አለ። አንዱ ቃል ነው። ኢንሱሊን የሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ ላይ «መርፌውን የት ታደርገዋለህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመር። ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ናቸው። ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ የትኛው ቤት ማን እንደታመመ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በየሰፈሩ መርፌ የሚወጋውን ሰው መዝግበው ጀሪካኑን ቢያዩለት ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሦስተኛው ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ቆሻሻ የሚሰበስቡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይሰጣቸው። ሥራ ሲጀምሩ፣ ከመወጋታቸው በፊት። መርፌ በቀላሉ የማያልፈው ወፍራም ጓንት ይሰጣቸው። ቢወጉ ደግሞ ወዴት እንደሚሮጡ፣ ማን እንደሚከፍልላቸው፣ የዚያን ቀን ደመወዛቸው እንደማይቆረጥ በጽሑፍ ይነገራቸው። የእኛዋ ልጅ ያን ቀን ምርመራዋን የከፈልነው እኛ ነን፣ ጥፋቱ የእኛ ነውና ይገባን ነበር። የቀን ገቢዋ ግን ቀርቷል። ባለቤቱ ያልታወቀ መርፌ የወጋትስ ምን ታደርጋለች? ደሟን በልብሷ ጠርጋ ወደሚቀጥለው በር ነው የምትሄደው። ይህን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። «ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ወግቶኛል» አለችኝ፣ ቡናዋን እየጠጣች።

መርፌው ዓይኔን ከገለጠው በኋላ በቤታችን ያለውን ሌላውንም ማየት ጀመርኩ። ኩሽናው ጥግ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀምጦ አገኘሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ 3 ዓመቱ ነው፣ ለስላሳ ይወዳል። የዚያኑ ቀን አነሳሁት። እባካችሁ እናንተም አሁኑኑ ተነሥታችሁ እዩ። ላምባ፣ አሲድ፣ በረኪና፣ የአይጥ መርዝ፣ ፍሊት፣ ማንኛውም መርዝ የሚጠጣ ነገር በነበረበት ዕቃ አይቀመጥ። ልጅ ላምባ ጠጥቶ ከተገኘ ደግሞ አታስመልሱት። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ያ ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። በረኪናን ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ ሽንት ቤት ማጠብም ይቅር። የሚወጣው ጋዝ በጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ይዘጋል።

የባትሪ ድንጋዩም አለ። አርጅቶ ሲያብጥና ሲያፈስ ልጆች እየቀጠቀጡ ውስጡን ይጫወቱበታል፣ እኛም ልጅ ሆነን ተጫውተንበታል። ከሁሉም የከፋው የአሻንጉሊትና የሰዓት፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ትንሹ ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። «በሽንት ቤት ይወጣል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ለነዚህ ሁሉ፣ ለተቃጠለው ዘይትም፣ ጊዜው ላለፈው መድኃኒትም፣ በውስጡ ሜርኩሪ ላለበት ረጅም አምፖልም፣ ወረዳው በሦስት ወር አንድ ቀን እንኳ መሰብሰቢያ ቢያዘጋጅ እናመጣለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ነዋሪው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሌላው ለይቶ እንዲያወጣ አዝዞ ነበር። መለየትስ እንለይ፤ ለይተን የት እናድርሰው?

እናንተ እቤታችሁ መርፌ የምትወጉ ወገኖቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን መርፌውን በድብቅ ነው የምንጥለው። ስኳር እንዳለብን ጎረቤት እንዳያውቅ፣ ሰው ሌላ ነገር እንዳያስብብን፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልለን መሃል ላይ እንሸጉጠዋለን። የሚሸጎጠው መርፌ ነው ሰው የሚወጋው። እማዬም እንደዚያ ነበረች። አሁን ልጅቷ ስትመጣ ፌስታሉን በእጇ ትሰጣትና «ዛሬ መርፌ የለበትም ልጄ» ትላታለች። በየሳምንቱ፣ ሳትረሳ።

ልጅቷ ሦስተኛውን ክትባት ወስዳ ጨርሳለች። የኋለኛው ምርመራዋም ንጹሕ ነው። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ጀምሯል።

ሁለተኛው ጀሪካን ቁም ሣጥን ላይ ታሽጎ ተቀምጧል። ሦስተኛው ሊሞላ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል። አድራሻውን ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ስኳር ታማሚ እናት ልጅ፣ አዲስ አበባ